የክሌም ሆልሮይድ የመጨረሻ ቃል

ክሌመንት ሆልሮይድ ሲሞት ጋዜጣው አራት መስመር ጻፈለት። አራት መስመር ብቻ፣ ያቺም ከውሻ ትርዒት ማስታወቂያ ሥር ተወሽቃ። «ለአርባ ዓመት በመድረክና በቴሌቪዥን የሠሩት እኚህ ተዋናይ በተለይ የሚታወሱት በአንድ ተውኔት መጨረሻ ላይ ባሳዩት ታላቅ ዝምታ ነው» ይላል። ጋዜጣውን አጣጥፌ ከሻይ ማፍያው ሥር ወሸቅኩት። ተናድጄ ነበር። ያንን ዝምታ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ከመድረኩ ጥግ ቁጭ ብዬ፣ ድርሰቱን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ቃሉን በዓይኔ እያየሁ አፌን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ስሜ አይቪ ሳትክሊፍ ነው። ሥራዬ ቃል አስታዋሽነት ነበር። ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ፣ ተመልካች ሳይሰማ፣ ሹክ እለዋለሁ። በደንብ ሲሠራ ማንም የማያውቀው ሥራ ነው፤ ሲበላሽ ግን አገር ያወቀው ይሆናል።

ክሌምን ያወቅኩት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ ስኳር ገና በራሽን በነበረበት ጊዜ ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ ሃያ ሰባት። በሰሜን እንግሊዝ ያለችው የሱፍ ከተማ፣ የሃሊፋክስ ልጅ ነው። አባቱ የሱፍ ፋብሪካ ሸማኔ ነበሩ፤ ልጃቸው ቴአትር ገባ ሲባሉ «ሰው ሆኖ መኖር ቢያቅተው ሰው መስሎ ሊኖር ነው» አሉ ይባላል። አንድ ቀን ብቻ መጡና ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጡ። ሲወጡ ልጃቸውን በሩ ላይ አገኙትና «ድምፅህ ይሰማል» ብለውት ባቡራቸውን ሊይዙ ሄዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ቅር ይለው ነበር። ክሌም ግን ዕድሜ ልኩን እንደ ኒሻን ይዟት ኖረ፤ የሽመና መኪናው ጩኸት የአባቱን ጆሮ ከደፈነው ሃያ ዓመት አልፎት ነበራ።

ቴአትር ቤታችን በየሰኞው አዲስ ተውኔት ያወጣል። ጠዋት የሚመጣውን ሳምንት ይለማመዳሉ፣ ማታ የዚህን ሳምንት ይጫወታሉ፣ የቀረውን ሰዓት ጽሑፍ ሲሸመድዱ ያሳልፉታል። ያኔ የተዋናይ ጭንቅላት እንደ ባልዲ ነበር፤ በሰኞ ይሞላል፣ በቅዳሜ ይደፋል። ከሁሉም የማይፈስበት ክሌም ነበር። ይህን ግን እኔ ጀማሪዋ ከየት ልወቀው?

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ክሌም ሐኪም ሆኖ ለአንዲት እናት የልጇን ሞት ሊያረዳ ገባ። ፊቷ ቆመና ዝም አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ። ጠፍቶበታል ብዬ ቃሉን ወረወርኩለት፤ ከድንጋጤዬ የተነሳ እስከ አምስተኛው ረድፍ ድረስ ነው የተሰማው። ከላይ ከሰገነቱ አንዱ ጎረምሳ «ሰምተሃታል አይደል ዶክተር? በል ንገራታ!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በልጅ ሞት ላይ ሕዝብ አሳቅኩ።

ተውኔቱ ሲያልቅ የዕቃ ክፍል ገብቼ ከእንጨት ጎራዴዎቹ መሃል ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ክሌም መጣ። ግማሽ የአሳማ ሥጋ ፓይ በወረቀት ይዟል።

«ሚስተር ሆልሮይድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የጠፋብዎት መስሎኝ ነው።»

«አልጠፋብኝም። ቆሜበት ነበር።»

«ምኑ ላይ ነው የቆሙት?»

«ዝምታው ላይ ነዋ! አንቺ ልጅ፣ እናት የልጇን ሞት የምትሰማው ሲነገራት ይመስልሻል? ሰውየው አፉን ሳይከፍት ነው የምታውቀው። በይ ይቺን ብይ፣ ጎራዴውን በእንባ አታዝጊው።»

«እንጨት ነው እኮ።»

«እንግዲያው አታበስብሺው።»

ሳቅኩ። ያን ዕለት ውል ተዋዋልን። አውራ ጣቱን ሰደርያው ቁልፍ ላይ አድርጎ አሳየኝ። «እጄ እዚህ ካለ ዝምታው የኔ ነው። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አፍሽን አትክፈቺ። እጄ ወደ ታች ከወረደ ግን ጠፍቶብኛል፤ ቶሎ ድረሺልኝ።»

«ሰደርያ የሌለበት ቀንስ?»

«ኮትም ፒጃማም ቁልፍ አላቸው። ራቁቴን የምጫወትበት ዘመን ከመጣ ያኔ እንነጋገራለን።»

ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን። እጁ የወረደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱም አሳ በልቶ ሆዱን ሲያመው ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረው፤ ይሄኛው የድሮ ተዋንያን ሁሉ ነው። የተውኔቱን የመጨረሻ ቃል በልምምድ ላይ አይናገሩም። ሰው ሳያየው ያለቀ ተውኔት ዕድሜ የለውም ብለው ይፈራሉ። ክሌም እዚያ ሲደርስ «ታም ታራ ታም» ብሎ እጅ ይነሳና ወደ ሻዩ ይሄዳል። ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፉ የሚወጣው በመክፈቻው ምሽት ነው። እኔም ይህን ጠጥቼ አደግኩ፤ አዲስ ልጅ ሲሳሳት ቀድሜ የምቆጣው እኔ ሆንኩ።

ከዚያ ለንደን ገባ። ልብስ ሰፊያችንን ቤሪልን አግብቶ ነው የሄደው፤ እኔ እዚሁ ቀረሁ። ለንደን ፊቱን ወደደችው፣ ስሙን ግን አልጠየቀችም። ቴሌቪዥን ላይ በር ከፋች አሽከር ሆነ፣ ሐኪም ሆነ፣ ሬሳ አገላብጦ «ከሞተ ሰዓት ሆኖታል» የሚል መርማሪ ሆነ፣ ሬሳውንም ሆነ። ፖስት ካርድ ይጽፍልኛል፦ «አይቪ፣ ዛሬ ለዘጠነኛ ጊዜ ሞትኩ። መርዝ ነው። ሻዩ ግን ጥሩ ነበር።» አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰዎች ያፈጡበታል። «አንተን የት ነው የማውቅህ? ቧንቧ የጠገነልኝ ሰውዬ አይደለህም?» ይሉታል። «ነኝ፤ አሁንም ያፈሳል?» ይላቸዋል።

አንድ ጊዜ ትልቅ ተውኔት ላይ ለመሪው ተዋናይ ተጠባባቂ ሆነ። ሰውየው አንድ ምሽት ቢታመም ክሌም ይገባል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ቃል በአፉ ይዞ በየምሽቱ ተገኘ፤ ሰውየው አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። አንድ ሙሉ ተውኔት በትከሻው ተሸክሞ ሳያወርድ መጨረስን ነበር የሚመኘው። አፉን ሞልቶ አልተናገረውም፤ እኔና ቤሪል ግን እናውቅ ነበር።

ዓመታት ሄዱ። ፋብሪካዎቹ ተዘግተው ቴአትር ቤታችን ብቻ እንደ ምንም ቆሞ ቀረ። ጃይልስ የሚባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አዘጋጅ መጣና «የአገሩ ልጅ የሆነ ሽማግሌ ተዋናይ እፈልጋለሁ» አለ። ተውኔቱ ጀልባ እንዲያልፍ የቦይ ውሃ መዝጊያ የሚከፍትና የሚዘጋ የአንድ የቦይ በር ጠባቂ ታሪክ ነው። ሽማግሌው ሴት ልጁ ጥላው ከሄደች ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ አንድ ቀን ትመጣለች፣ አብረው ይውላሉ፣ ተመልሳ ልትሄድ ስትነሳ የቤቱን በር ትይዛለች። እሱም «በሩን አትዝጊው። እኔ እዘጋዋለሁ» ይላታል። እንደማይዘጋው ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ላይ ያልቃል። ክሌም ስልሳ አምስት ዓመቱ ነበር፤ ጥሪው ሲደርሰው በዚያው ቀን እሺ አለ።

ልምምዱ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ቤሪል ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። እኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አይቪ፣ ክሌም ቃል እየጠፋበት ነው።»

«ማን የማይጠፋበት አለ? እኔ ትናንት መነጽሬን አድርጌ መነጽሬን ስፈልግ ነበር።»

«አትቀልጂ። ባለፈው ፊልም ሲቀርጹ አንድ ቃል ብቻ ነበረችው፦ ‹ጌታዬ፣ ፖሊሶቹ መጥተዋል።› ሃያ ስድስት ጊዜ ደገሙት። በመጨረሻ ቃሏን የቤት ሠራተኛዋን ለምትጫወተው ሴት ሰጧት። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ‹እኔ ማን ሆኜ ነበር የተጫወትኩት?› አለኝ።»

ስኒዬን አስቀመጥኩ። «እንግዲያው አስቁሚው። ሰው ፊት ሳይዋረድ አስቁሚው፣ ቤሪል።»

«እንድታስቆሚው አይደለም የመጣሁት። ጥጉ ላይ እንድትቀመጪለት ነው። አንዴ ብቻ ሙሉውን ይሸከም። ከዚያ በኋላ ለኔ ይተዉልኝ።» አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጃይልስ ሲሰማ ሳቀ። «ቃል አስታዋሽ? በዚህ ዘመን?» ክሌም ሊወጣ ኮፍያውን አነሳ። «እሷ ከሌለች እኔም የለሁም፣ የኔ ልጅ» አለው። ስለዚህ ከጡረታ ተመለስኩ።

አምስት ሳምንት እንደ ጉልበት ሠራተኛ ለፋ። ቃሎቹን በቁርጥራጭ ወረቀት ጽፎ የሻይ ስኒው ሥር፣ ባርኔጣው ውስጥ፣ የቦይ መዝጊያው እንጨት ጀርባ ለጠፈ። መጀመሪያ ላይ እጁ በየገጹ ይወርድ ነበር፤ እኔም እደርስለት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። በአምስተኛው ሳምንት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ በሩን ወደያዘችው ልጅ ዞሮ «ታም ታራ ታም» አለና እጅ ነሳ።

«ሚስተር ሆልሮይድ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ እንስማው» አለ ጃይልስ።

«ዛሬ ከሰማኸው ለመክፈቻው ምን ልተውልህ?»

ሁሉም ሳቁ። ጃይልስ አልሳቀም። «ቢያንስ ለድምፁ ያህል...»

የመለስኩለት እኔ ነኝ። «ሕግ ነው!» አልኩት ከጥጌ። «እናትህ ሳትወለድ የነበረ ሕግ ነው፤ ተወው!» ክሌም በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔም እንደ ጀግና ተሰማኝ፤ ሞኝ ነበርኩ። ቃል የሚጠናው በአፍ ነው፤ የእሱ አፍ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ አምስት ሳምንት ሙሉ «ታም ታራ ታም» ብቻ ነበር የለመደው። ያቺ አንዲት ቃል እንዳልያዘችለት ሊያሳየን የሚችለው ልምምድ ብቻ ነበር፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

መክፈቻው ምሽት ላይ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ከለንደን ጋዜጦችም ሦስት ሰዎች መጥተዋል። ክሌም ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል አልጣለም። ልጅቱን ሲቆጣ፣ ሻይ ሲያቀርብላት፣ የሞተችውን እናቷን ሲያነሳ፣ ጣቴ መስመሩን እየተከተለ ደረቴ በኩራት ተነፋ። ቤሪል ሦስተኛው ረድፍ ላይ መሐረቧን በሁለት እጇ ይዛለች። ልጅቱ ተነሳች። በሩን ያዘች። ክሌም ዞረ።

አውራ ጣቱ ሰደርያው ቁልፍ ላይ ነበር።

ዝምታው የራሱ ነው አልኩ። ቆጠርኩ። አሥር። እንዴት ያለ ዝምታ ነው አልኩ፤ ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አይንቀሳቀስም። አሥራ አምስት። እጁን አየሁ፤ ቁልፉ ላይ ነው። ቤቱ ቢቃጠል አፍሽን አትክፈቺ። ሃያ። ያኔ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። በዘጠኙ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ወደ ጥጉ ዞሮ አያውቅም። ገበያ ውስጥ እናቱ የጠፋችበት ሕፃን ዓይን ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ «በሩን» የምትለዋን ልጀምር ከንፈሬን ከፈትኩ። እጁን ደግሜ አየሁ። አሁንም እዚያው ነበር። ልጅቱ መቆም አቃታትና ወጣች፤ በሩ ተዘጋ። የመጋረጃው ሰው አለቀ ብሎ ለቀቀው።

ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ቴአትር ቤታችን ሰምቶ አያውቅም። ክሌም እጅ ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስገባ መስታወቱ ፊት ተቀምጧል፤ ፊቱን ገና አልጠረገም።

«ለምን ዝም አልሽኝ?» አለ።

«እጅህ ቁልፉ ላይ ነበራ፣ ክሌም።»

ወደ እጁ ዝቅ ብሎ አየ። ጣቱ አሁንም እዚያው ነበር። ብዙ ካየው በኋላ «ማን አስቀመጠው?» አለኝ።

ሰውየው ቃሉን ሲረሳ እጁ ውላችንን አልረሳም ነበር። ወንበሩ አጠገብ ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ እሱ ራሴን እየዳሰሰ «አይዞሽ፣ የኔ ዓለም፣ ጎራዴውን አታዝጊው» አለኝ። ያንን አልረሳም።

ጠዋት ጋዜጦቹ መጡ። «በዚህ ዓመት በመድረክ ከተነገረው ሁሉ ያልተነገረው በለጠ» ይላል አንዱ። ጃይልስ ጋዜጣውን እያውለበለበ መጣ፤ ቃሏን ከድርሰቱ በቀይ ሰረዛት። ክሌም ግን ያን ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ኮሪደሩ ላይ ተመላልሶ ያቺን ቃል መቶ ጊዜ ብሏታል። አፉ ያዛት።

«ጃይልስ፣ አሁን ይዣታለሁ። ዛሬ ልበላት» አለው።

«ሚስተር ሆልሮይድ፣ ሕዝቡ የሚመጣው እኮ ለዝምታው ነው!»

«እኔ ቃል ተናጋሪ ነኝ እንጂ ዝም ባይ አይደለሁም፣ የኔ ልጅ።»

«ለምነኝ ካሉ እለምንዎታለሁ፤ አይንኩት።»

አልነካውም። ክሌም አዘጋጅ ያለውን የሚያደርግ ተዋናይ ነበር፤ የድሮ ሰው ነው። ለሦስት ሳምንት በየምሽቱ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ፣ ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞ ቆመ። ከጥጉ ሆኜ ጉሮሮው ሲውጣት አያለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ ያቺን ዝምታ አገሩ ሁሉ ወርቅ ብሏታል፣ ለእሱ ግን ጥርሱ መሃል የቀረች አጥንት ነበረች። በመጨረሻው ቀን ጃይልስን ልለምን ስነሳ ክሌም ክንዴን ያዘኝ። «ተይው አይቪ፤ ቢያንስ ተሸክሜያለሁ» አለኝ። «ሳላወርድ» ግን አላለም።

ከወር በኋላ ዕድሜውን ሁሉ የጠበቀው ስልክ ተደወለ። የፊልም ሰዎች ናቸው፤ መሪ ተዋናይ ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። ቤሪል አጠገቡ ነበረች። «ጉልበቴን ያመኛል» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ከዚያም ስልኩን እያየ «ማን ነበር የደወለው?» አላት።

በመጨረሻ ቤሪል ብቻዋን አልቻለችውም። የሽማግሌዎች መጦሪያ ገባ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ጥሩ ቤት ነው። የክፍሎቹ በሮች ሁሉ ተዘግተው ይውላሉ፤ ክፍት ካገኙ ወጥተው መንገድ ላይ ይጠፋሉና። በየሳምንቱ ማክሰኞ እሄድ ነበር። ቤሪልን ልብስ ሰፊዋ ይላታል፤ ለነገሩ አልተሳሳተም። እኔን ምንም አይለኝም።

ለመጨረሻ ጊዜ ሳየው የሹራቡን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ይዞ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ቆጠርኩ። ሃያ ሲሞላ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ሥራዬ ሹክ ብዬ ሰጠሁት፤ «በሩን አትዝጊው።» አልተቀበለኝም። ደገምኩለት። ወደ መስኮቱ ዞረ። ስድስት ዓመት ዘግይቼ ምን ልሁን ብዬ ነው? ኮቴን ለበስኩ፣ ቦርሳዬን አነሳሁ፣ የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«በሩን አትዝጊው» አለ ከኋላዬ። «እኔ እዘጋዋለሁ።»

ዞርኩ። እጁ ከቁልፉ ወርዶ ጉልበቱ ላይ ነበር። ያ ድምፅ የታመመ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ኮሪደሩን አቋርጦ ወጥ ቤት ድረስ ደርሷል። አባቱ ቢኖሩ ይሰሙት ነበር።

ነርሷ ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለች። «እማማ፣ በሩን እባክዎ! ይወጡብናል!»

ዘጋሁት። ከውጭ እጀታውን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ከውስጥ ሌላ ቃል አልመጣም። ተውኔቱ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።